የቲጃኒ ዛፍ ልጆች

ጠይባ ቲጃኒ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የቡና ማዳቀያ ጣቢያ ታርጋ ጸሐፊ ነበረች። ታርጋው በቡና ዛፍ ላይ በሽቦ የሚታሰር፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ስስ የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። በቀለም ቢጽፉበት የጅማ ዝናብ አንድ ክረምት አያስከርመውም። ስለዚህ ፊደሉ በምስማር ጫፍ ተጭኖ ይጫራል። በዚያች ጠባብ ቦታ ብዙ ነገር መስፈር አለበት፤ የጠይባ እጅ ደግሞ የረጋ፣ ፊደሏም እንደ ጤፍ የደቀቀ ሆኖ ጥርት ያለ ነበር።

ሥራውን ያስተማሯት አቶ ላቀው ናቸው። ጣቢያው ሲከፈት ጀምሮ የነበሩ፣ ስለ ዝርያ ሲናገሩ ስለ ገዛ ዘመዶቻቸው የሚያወሩ የሚመስሉ ባለሙያ ነበሩ። ገና እንደገባች አንድ ባዶ ታርጋ ሰጥተዋት፣ «እናት ትቀድማለች» አሏት። «ፍሬው የሚንጠለጠለው በእሷ ላይ ስለሆነ እናትን ማንም ያያታል። ከእሷ ቀጥሎ የማባዛት ምልክት፣ ከምልክቱ ቀጥሎ አባት። አባትን ማንም አያየውም። የአበባውን ብናኝ አምጥተን የቀባነው እኛ ነን፤ እኛ ካልጻፍነው የለም።»

«ቢገለበጥስ?»

«ቢገለበጥ ውሸት ነው። ልጅቱ በተራዋ እናት የሆነች እንደሆነ ደግሞ ወላጆቿን በቅንፍ ትዘጊያቸዋለሽ። ቅንፉን ከረሳሽው፣ ማን የማን ልጅ ማን የማን አማት እንደሆነ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው አይለየውም።»

ማዳቀሉ የሚሠራው በበጋው ማብቂያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቡናው ሲያብብ ነው። አበባው ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ገና ሻማ መስሎ ሳለ፣ ነጩ አበባ ከነወንዴው ተመንግሎ ይወጣና መሃል ላይ ቀጭኗ ዘንግ ብቻዋን ትቀራለች። ቅርንጫፉ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል። በማግስቱ ማለዳ ለአባትነት ከተመረጠው ዛፍ አበባ ይመጣና ዘንጓን ይነካካታል፤ ከዚያ ከረጢቱ ይመለሳል፣ ታርጋው ይታሰራል። ዘሩ በቅሎ ችግኙ ማሳ ሲወርድ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ታርጋ ያገኛል። የሚያስረው ዳምጤ ነበር። ዳምጤ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ ጴንጤ ነው፤ ሲሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል። ጠይባ ትጽፋለች፣ እሱ ከማሰሩ በፊት የጻፈችውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል። በዚህ ዓይነት ሲሠሩ ስህተት ብዙም አያልፋቸውም ነበር።

በጣቢያው ውስጥ ለአባትነት ከሚፈለጉት ዛፎች አንዱ «ቲጃኒ» ይባላል። የስሙ ነገር እንዲህ ነው። የቡና በሽታው ወደ ጅማ አገር የገባ ሰሞን እሸቱ ገና ሳይቀላ እየጠቆረ፣ እየተጨማደደ ይረግፍ ነበር። ከሊሙ ገነት በላይ በጠይባ አባት በቲጃኒ አባ ማጫ መሬት ላይ ግን አንድ ዛፍ፣ ዙሪያው ሁሉ ጠቁሮ ሳለ፣ ፍሬው ቀልቶ ተገኘ። አቶ ላቀው ወሬውን ሰምተው በበቅሎ ሄደው አዩት። ዘር ለቅመው አመጡ፤ እንደጊዜው ልማድም ዛፉን በባለመሬቱ ስም ጠሩት። ጠይባም ወደ ሥራው የገባችው በዚሁ ትውውቅ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የመሬት አዋጁ ታወጀ። ቲጃኒ አባ ማጫ ክፉ ባላባት አልነበሩም፣ ደግም አልነበሩም። ጭሰኞቻቸው ሲያርሱላቸው ኖረዋል፣ እሳቸውም ሲበሉ ኖረዋል። መሬቱ ሲወሰድ አልተሟገቱም። ልብሳቸውን በአንድ ጆንያ፣ ቁርአናቸውን በብብታቸው ይዘው ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወዳለው የልጃቸው ቤት መጡ። የጠይባ ባል አብደላ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ግንባር ከዘመተ በኋላ ወሬው ጠፋ፤ ቤቱ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ስለ ከብታቸውም ስለ ቤታቸውም አንስተው አያውቁም። ጠይባ ከሥራ ስትገባ በኦሮምኛ «ልጄ» ብለው ጠርተው የሚጠይቋት አንድ ነገር ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጆቼ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና ናቸው አባ። የጌራዋ ልጅ ዘንድሮ ታብባለች።»

«የጌራዋ የምትያት የትኛዋን ነው?»

«እናቷ ከጌራ ጫካ የመጣችውን። እናት ጌራ፣ አባት ቲጃኒ።»

«አልሐምዱሊላህ» ይላሉ ያኔ። «ሰው መሬቱን ቢቀማ ስሙን አይቀማም።»

አንድ ቀን ጠይባ «ዲቃላዎቹ» ብላ አፏን ቢያዳልጣት ተቆጧት። «አባቱ የታወቀ ልጅ ዲቃላ አይባልም» አሏት። የሥራው ቋንቋ መሆኑን ብታስረዳቸውም አልተቀበሏትም። እሷም ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ «ልጆቹ» ማለትን ለመደች።

በ1971 ዓ.ም. ነጋሳ የሚባል ወጣት የፖለቲካ ኃላፊ ሆኖ ወደ ጣቢያው ተመደበ። ክፉ ሰው ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ለሠራተኛው ሰፈር የቧንቧ ውሃ ያስገባው እሱ ነው። ሆኖም ማሳ ውስጥ እየዞረ ታርጋ ማንበብ ያበዛ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ጭቃውን ሳያራግፍ ቢሮ ገብቶ ከአቶ ላቀው ፊት ተቀመጠ። የጠይባ ጠረጴዛ እዚያው ጥግ ስለነበር ሁሉንም ሰማች።

«ጓድ ላቀው፣ ይሄ ቲጃኒ ማነው?»

«የዛፍ ስም ነው።»

«ከዛፉ በፊት የሰው ስም ነበር።»

«ነበር። ዛፉ የተገኘበት መሬት ባለቤት ነበሩ።»

«ባለቤት» አለ ነጋሳ፣ ቃሉን እያላመጠ። «ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። በሰፊው ሕዝብ ቡና ላይ የባላባት ስም ተንጠልጥሎ ሊያነቡ ነው። የሰው ስም ሁሉ ይውጣ፣ በቁጥር ይተካ።»

አቶ ላቀው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በቁጥር መተካት ይቻላል» አሉ። «ግን አንድ በአንድ ነው። አዲሱ ሳይታሰር አሮጌው መፈታት የለበትም።»

«እንደሚሆን አድርጉት። ለበዓሉ ይድረስ።»

የአባቷን ስም ከዛፍ ላይ ማስፈታት የጀመረችው እንግዲህ ጠይባ ራሷ ናት። በዝናብ ውስጥ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ቁጥሩን ጽፋ ለዳምጤ ትሰጠዋለች፤ እሱ አዲሱን አስሮ አሮጌውን ይቆርጣል። ለአባቷ አልነገረቻቸውም። «ልጆቼ እንዴት ዋሉ?» ሲሏት «ደህና ናቸው» ትላለች። ቡናዎቹ በእርግጥም ደህና ነበሩ።

ዝናቡ ግን ሥራውን አጓተተው። ከማሳው ሲሶው እንኳ ሳያልቅ በዓሉ ተቃረበ። አንድ እሑድ፣ ጠይባ ቤቷ፣ ዳምጤም ከአማኝ ወንድሞቹ ጋር በጸሎት ሳሉ፣ ነጋሳ ከገበሬ ማኅበሩና ከተማሪዎቹ ዘማች ሰብስቦ ወደ ማሳው አስገባ። ሰኞ ጠዋት ጠይባ ስትደርስ ገና ቁጥር ያልታሰረላቸው ዛፎች በሙሉ ራቁታቸውን ቆመዋል። አሮጌዎቹ ታርጋዎች በጆንያ ታጭቀው ቢሮው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«አገዝናችሁ» አላት ነጋሳ፣ ደስ ብሎት። «አሁን ቁጥሩን ብቻ ማንጠልጠል ነው።»

ጠይባ ጆንያው ውስጥ እጇን ከትታ አንድ እፍኝ አወጣች። የራሷ ጽሑፍ ነው፤ እናት ቀድማ፣ አባት ተከትሎ፣ ቅንፉም ቀኑም በቦታው። አንዱም አልተሳሳተም። ከየትኛው ዛፍ ላይ እንደተቆረጠ ግን ሊነግራት የሚችል አልነበረም።

የማሳው ካርታ ቢኖር ነገሩ በቀለለ ነበር። አቶ ላቀው ካርታውን ቤታቸው ያስቀምጡት ስለነበር ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው የቤት ለቤት አሰሳ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተወስዶባቸዋል። ነጥብና ቁጥር የሞላበት ካርታ መሆኑ ራሱ ፈታሾቹን አስጠርጥሯቸው ነበር፤ የዛፍ ነው ቢሉ የሚያምናቸው አላገኙም። በነፍሳቸው መትረፋቸውን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረው ካርታውን ዳግም አልጠየቁም።

አቶ ላቀው፣ ጠይባና ዳምጤ ተያይዘው ማሳ ወረዱ። ችግኞቹ የተተከሉት በእናት በእናታቸው በረድፍ ተለይተው ስለነበር እናቶቹ አልጠፉም። የጠፋው አባት ነው። አንዳንዱን ለጋ ቅጠሉ ቀላ ያለ በመሆኑ፣ አንዳንዱን ቅርንጫፉ ወደ ታች የተለመጠ በመሆኑ ለዩት። አንዳንዱንም ዳምጤ «ይቺን ሳስር ንብ ነድፎኛል» እያለ አስታወሰ። ከግማሽ በላይ የሆነው ግን ቢዞሩት ቢገላብጡት አልታወቅ አለ።

«ያወቅሽውን ጻፊ» አሉ አቶ ላቀው። «ለቀረው ‹አባት ያልታወቀ› በይ። ትክክለኛው አጻጻፍ እሱ ነው።»

እንደተባለችው አደረገች። በበዓሉ ማግስት እንግዶቹ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ በየዛፉ እየቆመ ታርጋ ሲያነብ ቆየና፣ «እዚህ አገር ግማሹ ቡና አባቱን አያውቅም ማለት ነው?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም አጀቡት። ነጋሳ አልሳቀም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ «አሻጥር» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። ማን እንዳነሳው ጠይባ በደንብ አላየችም፤ ቃሉ አንዴ ከወጣ ግን ባለቤት መፈለጉ አይቀርም።

ባለቤቱ ዳምጤ ሆነ። እሱና አማኝ ወንድሞቹ የሚጸልዩበት ቤት ታሽጎ በየሰው ቤት ተሸሽገው እንደሚጸልዩ ይታወቅ ስለነበር ለእሱ ሌላ ምክንያት ማግኘት አላስቸገረም። ከሥራ ቦታ ወሰዱት። ሲወስዱት ሽቦ መቁረጫው በኪሱ ነበርና፣ «ይሄ የጣቢያው ነው» ብሎ ለጠይባ አቀበላት።

ጠይባ ወደ ነጋሳ ቢሮ ገባች። «ያልታወቀ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እሱ የሰጠሁትን ነው ያሰረው።»

ነጋሳ በሩ መዘጋቱን አየ። «እኔ አላሳሰርኩትም። ጠየቁኝ፣ መልስ መስጠት ነበረብኝ። አንቺም ጮክ ብለሽ አታውሪ። የአባትሽ ስም ከዛፍ ላይ በመውረዱ ቂም ይዘሽ ነው እንዳይሉሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ታርጋዎቹን ሙዪያቸው። ባዶ አባት ከሌለ አሻጥር የለም። ሰውየውም ይወጣ ይሆናል።»

ወደ አቶ ላቀው ሄደች። አቶ ላቀው ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ቀጥ ያሉ ሰው ስለነበሩ የሚሉትን ለማለት እንደከበዳቸው ታያት። «ልጆች አሉኝ፣ ጠይባ» አሉ። «ሙዪያቸው።»

ሞላቻቸው። መጀመሪያ ላይ ቅጠሉን አይታ፣ ግንዱን ዳስሳ፣ ይሆናል ያለችውን ነበር የምትጽፈው። ቆይቶ ግን ዛፎቹ ተመሳሰሉባት፤ ግምቱም መሠረት አጣ። አንድ ረድፍ ጨርሳ ዘወር ብላ ስታይ የአባቷን ዛፍ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ አብዝታ እንደጻፈችው አስተዋለች። እጇ ነው የወሰዳት ወይስ ልቧ፣ ለይታ አላወቀችውም። ልትመለስ አሰበች። ተመልሳ ግን በምትኩ ምን ትጽፋለች? የምታውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ቀጠለች።

ታርጋዎቹ ሞሉ፤ ዳምጤ ግን አልተፈታም። ዓርብ ዓርብ ጠይባና የዳምጤ ሚስት ብርሃንነሽ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ይሰለፋሉ። አንዳንዴ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል፣ አንዳንዴ እንዳለ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ሲወጣ አንደኛው ጆሮው አይሰማም ነበር። ጣቢያው መልሶ አልቀጠረውም፤ ሚስቱን ይዞ ወደ ከምባታ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ጠይባን ሊሰናበት መጥቶ በር ላይ እንደቆመ፣ «ሞላሻቸው አሉ» አላት። «ሞላኋቸው» አለችው። «እኔን ብለሽ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለ። ይህን ሲላት ከስድብ የባሰ ከበዳት።

ሽማግሌው በዚህ ሁሉ ጊዜ መጠየቃቸውን አልተዉም። በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እሸቱ በቀላበት ወቅት፣ «ልጆቼን በዓይኔ ልያቸው» ብለው እግሯን ያዙ። ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር በጣቢያው መኪና ወሰደቻቸው። በማሳው መካከል እጃቸውን ይዛ ስታዞራቸው አንድ ዛፍ አጠገብ ቆሙ። ቲጃኒ አባ ማጫ ዐረብኛ እንጂ የአማርኛ ፊደል አያነቡም። ታርጋውን በሁለት ጣታቸው ያዙና ጭረቱን ዳበሱት።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

«ይኸውልዎ አባ» አለች ጠይባ፣ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ።

«ይሄ ነው ቲጃኒ የሚለው?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ዛፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ አዩት። አንድ ለጋ ቅጠል ቀጥፈው በመዳፋቸው ገለበጡ፣ ከዋናው ዛፍ ቅጠል ጋር እንደሚያስተያይ ሰው አዩት። ከዚያ ቅጠሉን መሬት ጣሉና «እሺ፣ እንሂድ» አሉ።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠይባ ከሥራ ስትገባ ስለ ውሎዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ይጠይቋታል እንጂ ስለ ልጆቻቸው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ምን እንዳዩ አልነገሯትም። እሷም ፈርታ አልጠየቀችም።

ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ በሽታ ይቋቋማሉ ከተባሉት ዛፎች ዘር ተለቅሞ ለአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ችግኝ እንዲከፋፈል። የተመረጡት በመዝገብ የቲጃኒ ልጆች የሆኑት ናቸው። ትልቁ ድርሻ ወደ ሊሙ ሄደ። ገበሬው ያንን ችግኝ ለመትከል ደህናውንም ያረጀውንም የአባቱን ቡና እየነቀለ ቦታ አስለቀቀ። ነጋሳ በዚህ ሥራ ተመስግኖ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር በዕድገት ተዛወረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የመጀመሪያው ምርት በሚጠበቅበት ክረምት፣ ወሬው ወደ ጅማ መድረስ ጀመረ። ቲጃኒ አባ ማጫ አንድ ሐሙስ ከጅማው መርካቶ ተመልሰው የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ጠይባ ውሃ አቀረበችላቸው፤ አልጠጡም።

«የሊሙ ሰዎች አግኝቼ ነበር» አሉ። «ቡናው ጠቁሯል። እንዳለ ጠቁሮ እየረገፈ ነው።»

ጠይባ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች።

«ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? የጣቢያ ቡና አይሉትም፤ ቁጥሩንም አያውቁት። ‹የቲጃኒ ቡና አከሰረን› ነው የሚሉት። አንዱ የድሮ ጭሰኛዬ ነው፤ ፊቴ ቆሞ ነገረኝ። ሰላምታዬን አልመለሰልኝም።»

ያኔ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የጆንያውን፣ የዳምጤን፣ እጇ የሠራውንም። 

«የእኔን አብዝተሽ ጻፍሽ?» አሉ ስትጨርስ።

«አበዛሁ አባ።»

«ባትጽፊው ይሻል ነበር» አሉና ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሊታጠቡ ተነሱ። አልተቆጧትም። ጠይባ ቢቆጧት ትመርጥ ነበር።

አቶ ላቀው በበኩላቸው አንድ ተስፋ ቀርቷቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ በእነዚያ ዓመታት ጠጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። «ዋናው ዛፍ አለ እኮ» አሏት። «ቀድሞም ልንሄድ ይገባን ነበር፤ መሄድ ግን ያለፈውን ስህተት ማመን ስለሚሆን ፈራሁ። አሁን ቡናው ጠቁሮ ሰው ሁሉ ካየው በኋላ ማን ምን ይለናል? ዘሩን ከእናቱ ሆድ እንደ አዲስ እንለቅማለን፤ ከመጀመሪያው ታርጋ እንጀምራለን።»

ፈቃዱ በቢሮ ሲንከባለል ከርሞ በተከታዩ ዓመት ተገኘ። እስከ ሊሙ ገነት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ተጓዙ። ጠይባ የልጅነት መንገዷን ታውቀዋለች፤ ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲወጡ ግን አገሩ ተቀየረባት። የጥላ ዛፎቹ የሉም። በኮረብታው ላይ አንድ ዓይነት የሣር ጎጆዎች በገመድ እንደተለኩ ተሰልፈዋል። የመንደር ምሥረታው ሰፈር ነው። ገበሬው ከየቡናው መካከል ተነሥቶ እዚያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል።

አንዲት ሴትዮ ከጎጆዋ ደጅ ሆና አየቻቸው። ጠይባ በኦሮምኛ ስሟን ተናግራ፣ ስለ ዛፉ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አወቀቻት። በአገጯ አዲስ ወደተጠረገው ሰፊ መንገድ አመለከተች።

«መንገዱ በዚያ በኩል ነው ያለፈው» አለች። «ዛፉን ሊቆርጡት ሲመጡ አንዳንድ ሰው ይቅር ብሎ ተናገረ። ቆራጮቹ ግን ‹ዛፉን ማን ያውቀዋል?› አሉ። ምንም የሚል ምልክት አልነበረበትም።»

አቶ ላቀው ጉቶውን ለማግኘት መንገዱን ወዲያና ወዲህ ሄዱበት። ከሥሩ ያቆጠቆጠ እንደሆነ ብለው ነው። ጉቶው ተነቅሎ አፈሩ ተደልድሏል። ጠይባ በሴትዮዋ ጎጆ ጥላ ሥር ሆና ጠበቀቻቸው። ሲመለሱ ሁለቱም መኪናው እንዳያመልጣቸው ቶሎ ወረዱ።

ሰቶ ሰመሮ ስትደርስ አባቷ ተኝተው ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«ዛፉን አገኘሽው?»

«የለም አባ። ቆርጠውታል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ኢና ሊላሂ» አሉ፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው። እሳቸውም ቡናው ሳያብብ አረፉ። ቀባሪው ከሊሙ ይመጣል ተብሎ ሬሳው ትንሽ ቆይቶ ነበር። የመጡት ጥቂቶች ናቸው።

አቶ ላቀው ጡረታ ወጡ። በጣቢያው የማዳቀሉ ሥራ እንዲቆም ተወሰነ፤ ማሳው ተመንጥሮ በቆሎ ተዘራበት። ጠይባን ወደ መጋዘን አዛወሯት። እዚያ በጆንያ ላይ በጥቁር ቀለም ክብደትና የመጋዘን ቁጥር ትጽፋለች። አዲሱ ኃላፊ፣ «ፊደልሽ በጣም ደቃቅ ነው፤ ከሩቅ አይነበብም፣ አጉልተሽ ጻፊ» አላት። አጉልታ መጻፍ ጀመረች።